ፈረንሳይኛን ከነኑሮው መጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከምን ልጀምር? ከፊደል፣ ከሰዋስው ወይስ ከንግግር?

ከ«ቦንዡር» ይጀምሩ። ቀልድ አይደለም። ፈረንሳይ አገር ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ አውቶቡስ፣ የሐኪም ተራ መጠበቂያ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚባለው ይህ ነው። ባለሱቁ እስኪመልስ ድረስ ለአፍታ ይጠበቅና ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ይቅርታ፣ ይሄ ስንት ነው?» ብለው በትህትና የጀመሩ ይመስላቸዋል። ሻጯ ግን ሰላምታ እንደተነፈጋት ነው የምትቆጥረው። ፊቷን አጥቁራ «ቦንዡር» ካለችዎ እያረመችዎ ነው። መልሰው «ቦንዡር» ይበሉና እንደገና ይጀምሩ።

ሲወጡ ደግሞ «ሜርሲ፣ ኦ ረቯር፣ ቦን ዡርኔ» (አመሰግናለሁ፣ ደህና ይሁኑ፣ መልካም ቀን) ይባላል። ከአመሻሹ 12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ «ቦንዡር» በ«ቦንስዋር» ይተካል። «ቦን ኒዊ» ወደ መኝታ ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሱቅ ሲወጡ ቢሉት ሰው ይስቃል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ «ቦንዡር» ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ቢያገኙትና ቢደግሙለት የጠዋቱን የረሱት ይመስለዋል፤ ፈገግታ ወይም «ረቦንዡር» ይበቃል።

«ሳ ቫ?» (እንዴት ነህ?) ሲባሉ ደግሞ የቤተሰቡን፣ የሥራውን፣ የጤናውን ነገር አይዘርዝሩ፤ እርስዎም ጠያቂውን በዝርዝር አይጠይቁት። «ሳ ቫ፣ ኤ ትዋ?» (ደህና፣ አንተስ?) አለቀ።

«ቲዩ» እና «ቩ» ልክ እንደ «አንተ» እና «እርስዎ» ናቸው?

ይቀራረባሉ፣ ግን መለኪያቸው ይለያያል። በአማርኛ «እርስዎ»ን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜና ማዕረግ ነው። በፈረንሳይኛ የሚወስነው ትውውቅ ነው። የ20 ዓመት ልጅ የሆነ የማያውቁት ካሸር «ቩ» ይባላል፤ በዕድሜ አባትዎ የሚሆን የቅርብ የሥራ ባልደረባ ደግሞ «ቲዩ» ሊባል ይችላል። ልጆች ወላጆቻቸውን በአብዛኛው «ቲዩ» ይላሉ፤ ይህ እንደ ድፍረት አይቆጠርም።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ለማያውቁት አዋቂ ሁሉ «ቩ» ይበሉ፣ እሱ «ኦን ፔ ስ ቲዩትዋዬ?» (አንተ እንባባል?) እስኪል ይጠብቁ። አንዴ ወደ «ቲዩ» ከተሻገሩ ወደ ኋላ መመለስ እንደ መቀየም ይቆጠራል። «ቩ» ለብዙ ሰዎች ሲሆን «እናንተ» ማለትም ነው። «ቲዩ» ለወንድም ለሴትም አንድ በመሆኑ «አንተ» ወይስ «አንቺ» ብሎ መጨነቅ የለም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የትኞቹ ድምፆች ይከብዳሉ?

መጀመሪያ መልካሙ ነገር፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚታገሉባቸው «ኝ» እና «ዥ» አፋችን ላይ አሉ። «ሞንታኝ» (ተራራ) እና «ፍሮማዥ» (አይብ) ያለ ልምምድ ይወጣሉ።

የሚከብዱት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የፈረንሳይ «ዩ» ነው። «ኢ» እያሉ ምላስዎን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርዎን ብቻ «ኡ» እንደሚሉ ያሞጥሙጡ። የምላስ ጫፍ የታች ጥርስ መንካቱን ካላቆመ ልክ ነው። ይህን በደንብ መልመድ ዋጋ አለው፤ «ደሲዩ» (ላዩ ላይ) እና «ደሱ» (ከሥሩ) የሚለዩት በዚህ ድምፅ ብቻ ነው። ቁልፉን የት እንዳስቀመጡት ሲነገርዎ ልዩነቱ ይገባዎታል።

ሁለተኛው በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ናቸው። እኛ «ቦን» ስንል ምላሳችን መጨረሻ ላይ ላንቃ ይነካል፤ የፈረንሳዩ ግን አይነካም፣ አየሩ በአፍና በአፍንጫ ወጥቶ ያልቃል። ምላስዎ ከነካ ያሉት ነገር «ቦን» በወንድ ጾታ (ጥሩ) መሆኑ ቀርቶ በሴት ጾታ «ቦንን» ይሆናል። በዚህ የተነሳ ብዙ ተማሪዎች ሰዋስው የተሳሳቱ ይመስላቸዋል፤ ጥፋቱ ግን የምላሳቸው ነው። መስታወት ፊት አፍዎን ከፍተው ይለማመዱ፤ ቃሉ ሲያልቅም አፍዎ ክፍት መሆን አለበት።

ሦስተኛው «ር» ነው። የሚወጣው ከጉሮሮ በላይ ነው፤ ዓረብ አገር የኖሩ ሰዎች የዓረብኛውን «ጋይን» ቢያስታውሱ ይቀርባቸዋል። ሆኖም ለዚህ ድምፅ የመጀመሪያዎቹን ወራት ማባከን አይመከርም። በምላስ የሚንከባለለው የአማርኛ «ር» ያለ ችግር ይገባቸዋል፤ የ«ዩ» ስህተት ግን ትርጉም ያዛባል።

አንድ ነገር ይጨመር፦ ድርብ ተነባቢ ሲጽፉ አያጠብቁትም። «ኮም» (እንደ) የሚለው ቃል ሁለት ኤም ቢኖረውም ላልቶ ነው የሚነበበው።

አነባበቡን በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ባጠና ምን ችግር አለው?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ችግር የለውም፤ እዚህም የተደረገው ያው ነው። ከዚያ በላይ ግን ይጎዳል። ነፋስ፣ ወይን ጠጅ እና «ይሄዳሉ» የሚሉት ሦስት የፈረንሳይኛ ቃላት በፊደላችን «ቫን»፣ «ቫን»፣ «ቮን» ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለፈረንሳዊ ጆሮ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ከፊደሉ ይልቅ ቃሉን በላቲን ጽፈው ድምፁን እየሰሙ ደጋግመው ይበሉት።

ያልተለመደው የጥምር ፊደላት ንባብ በአንድ ቀን ይያዛል። ኦ እና አይ ሲገናኙ «ዋ»፣ ኦ እና ዩ «ኡ»፣ ኤ እና ዩ «ኦ»፣ ሲ እና ኤች «ሽ»፣ ጂ እና ኤን «ኝ»፣ ኪው እና ዩ «ክ»። ኤች ብቻዋን ድምፅ የላትም። በቃል መጨረሻ ያሉ ተነባቢዎች በአብዛኛው ይዋጣሉ፤ ሲ፣ አር፣ ኤፍ እና ኤል ብዙ ጊዜ ይነበባሉ፣ በኢ-አር የሚያልቁ ግሦች አር ግን አይነበብም።

የተዋጠው ፊደል ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ ይነቃል። «ኢል ሶን» ናቸው ማለት ነው፤ «ኢል ዞን» አላቸው። በ«ስ» እና በ«ዝ» መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

የስም ጾታን እንዴት ልያዝ?

በአማርኛ መኪናውን ስናቆላምጥ «መኪናዋ» እንላለን፣ ትልቅ ሲሆን ወደ ወንድ እንመልሰዋለን። ፈረንሳይኛ እንዲህ አይፈቅድም፤ ጠረጴዛ ዕድሜ ልኳን ሴት ናት። ስለዚህ ቃል ሲያጠኑ ብቻውን አያጥኑት፣ ከ«አን» (ወንድ) ወይም ከ«ዩን» (ሴት) ጋር አንድ ላይ ይያዙት። ከ«ለ» እና «ላ» ጋር ማጥናት ያታልላል፤ ቃሉ በአናባቢ ከጀመረ ሁለቱም አናባቢያቸውን ጥለው «ል» ብቻ ስለሚሆኑ ጾታው ይደበቃል።

መጨረሻቸው ይረዳል፦ በ«ሲዮን» እና በ«ቴ» የሚያልቁ ረቂቅ ስሞች በአብዛኛው ሴት ናቸው፤ በ«ማን» እና በ«አዥ» የሚያልቁ በአብዛኛው ወንድ። ከ«አዥ» ሕግ የሚያፈነግጡት «ፕላዥ» (የባሕር ዳርቻ)፣ «ፓዥ» (ገጽ) እና «ኢማዥ» (ምስል) በየቀኑ የሚያጋጥሙ ስለሆኑ ቀድመው ይያዟቸው። ጾታ ቢሳሳቱ ግን ሰው ይገባዋል፤ ለማስተካከል ብለው ንግግርዎን አያቋርጡ።

ግሦቹ ብዙ ናቸው። የትኞቹን ላስቀድም?

አራት፦ «ኤትር» (መሆን)፣ «አቯር» (መኖር፣ ገንዘብ ማድረግ)፣ «አሌ» (መሄድ)፣ «ፌር» (ማድረግ)። የእነዚህን የአሁን ጊዜ እርባታ ካወቁ ወደፊትን በ«ዠ ቬ» (የ«አሌ» እርባታ ነው) እና በግሡ ስም («ዠ ቬ ማንዤ»፣ ልበላ ነው) መናገር ይቻላል፤ ያለፈውን ደግሞ በአብዛኛው በ«አቯር» ይሠሩታል («ዤ ማንዤ»፣ በላሁ)።

የአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ስህተት ተውላጠ ስሙን መዋጥ ነው። «እናገራለሁ» ስንል ማን እንደሚናገር ግሡ ይነግረናል። በፈረንሳይኛ ግን «ዠ ፓርል»፣ «ቲዩ ፓርል»፣ «ኢል ፓርል» ሲባል ግሡ በጆሮ አንድ ነው። «ዠ»ን ከጣሉ «ፓርል» የሚለው «ተናገር!» የሚል ትእዛዝ ይሆናል።

ዕድሜ፣ ረሀብና ጥማት በ«አቯር» ይነገራሉ፦ «ዤ ቫንታን» (20 ዓመቴ ነው)፣ «ዤ ፋን» (ርቦኛል)። በእንግሊዝኛ በኩል አስበው በ«ኤትር» የሚናገሩ ብዙ ናቸው። በተለይ «ጠግቤአለሁ»ን ቃል በቃል «ዠ ስዊ ፕሌን» ብላ የምትመልስ እንግዳ እርጉዝ መሆኗን የተናገረች ሊመስል ይችላል፣ ያውም ለእንስሳ በሚባለው አነጋገር። «ዤ ቢየን ማንዤ» ይበቃል።

ከ70 በላይ ያሉት ቁጥሮች ለምን እንደዚያ ሆኑ? እንዴትስ እለምዳቸዋለሁ?

70 «ስድሳ አሥር»፣ 80 «አራት ሃያ»፣ 90 «አራት ሃያ አሥር» ነው የሚባለው። በሃያ እየቆጠሩ የመደመር የድሮ ልማድ ቅሪት ነው። ቤልጂየምና ስዊዘርላንድ ለ70 «ሴፕታንት»፣ ለ90 «ኖናንት» ይላሉ፤ ፈረንሳይ ግን የመጀመሪያውን ይዛለች።

ችግሩ የሚከፋው ስልክ ቁጥር ላይ ነው። የፈረንሳይ ስልክ አሥር አሃዝ ሲሆን ሁለት ሁለት እየተደረገ ይነገራል። «ስዋሳንት» ሲሉ 60 ብለው ጽፈው ይጨርሳሉ፣ ወዲያው «ዲዝዊት» ይከተላል፤ የተባለው 78 ነበር። መፍትሔው እጅን ማዘግየት ነው፦ «ስዋሳንት» ወይም «ካትር ቫን» ሲሰሙ እስክሪብቶውን ያንሱ፣ ጥንዱ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይጻፉ። ከ60 እስከ 99 ያሉ ቁጥሮችን በዘፈቀደ አስቀርጾ በቀን አምስት ደቂቃ መጻፍ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን ያቃልላል። ወደ ፊት 1፣ 2፣ 3 እያሉ መቁጠር አይረዳም፤ በሕይወት ውስጥ ቁጥር በተራ አይመጣም።

ቀጠሮ ላይ ሰዓት እየተምታታብኝ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ፈረንሳዮች በጽሑፍና በቀጠሮ 24 ሰዓት ይጠቀማሉ። ከ7 እስከ 18 ያለውን 6 ይቀንሱ፦ 8 ሰዓት የተባለው ከጠዋቱ 2 ነው፣ 14 ሰዓት ከቀኑ 8። ከ19 ጀምሮ 18 ይቀንሱ፦ 20፡30 ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል። በአማርኛ ማስታወሻ ላይ «8 ሰዓት» ብለው ሲጽፉ የየትኛው መሆኑን ካልለዩ ቀጠሮው ያመልጣል፤ የፈረንሳይ ቀጠሮ ሁልጊዜ በፈረንሳይ አጻጻፍ ይመዝገብ።

ሁለተኛው የጆሮ ነው። «ትሯ ዘር» 3 ሰዓት፣ «ትሬ ዘር» 13 ሰዓት። «ሲ ዘር» 6፣ «ሴ ዘር» 16። «ደ ዘር» 2፣ «ዱ ዘር» 12፤ ለዚህም ይመስላል ቀትርን «ሚዲ»፣ እኩለ ሌሊትን «ሚኒዊ» ማለት የሚመርጡት። ስልክ ላይ ከተጠራጠሩ «ዱ ማታን?» (የጠዋት?) ብለው ይጠይቁ።

«ዳን ዊ ዡር» (በስምንት ቀን) ሲሉ የዛሬ ሳምንት ማለታቸው ነው፣ «ዳን ካንዝ ዡር» የዛሬ ሁለት ሳምንት። እኛም «በአሥራ አምስት ቀን» ስለምንል ይህ አያስቸግርም።

ዳቦ ቤት ገብቼ ምን ልበል?

ሙሉው ንግግር ይኸው፦

— ቦንዡር ማዳም።
— ቦንዡር፣ ቩ ዴዚሬ? (ምን ልስጥዎ?)
— ዩን ትራዲሲዮን፣ ፓ ትሮ ኪዊት፣ ሲል ቩ ፕሌ። (አንድ ትራዲሲዮን፣ ብዙ ያልበሰለ፣ እባክዎ)
— ኤ አቬክ ሰሲ?
— ስ ስራ ቱ፣ ሜርሲ።

«ኤ አቬክ ሰሲ?» ቃል በቃል «ከዚህ ጋርስ?» ነው፤ ሌላ የሚጨመር አለ ወይ ማለት ነው። ጀማሪ ይህን ሰምቶ ይደነግጣል። መልሱ የመጨረሻው መስመር ነው፦ «ይኸው ነው፣ አመሰግናለሁ»።

«ትራዲሲዮን» ማለት እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ድንጋጌ የተጠበቀ የዳቦ ስም ነው፦ ሊጡ በረዶ ቤት ያልገባ፣ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የተሠራ። ተራው «ባጌት» ይረክሳል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። የባጌት ሙያ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ግማሽ ከፈለጉ «ዩን ደሚ ባጌት» ይበሉ፤ ቆርጠው ይሰጣሉ፣ ማንም ቅር አይለውም። ጫፉን መንገድ ላይ እየቆረጡ መብላትም ያው ልማድ ነው።

ካፌና ምግብ ቤትስ? ጾም ላይ ብሆን?

«አን ካፌ» ካሉ የሚመጣው ትንሽ ጥቁር ኤስፕሬሶ ነው። ማኪያቶን የሚመስለው «ኑዋዜት» ነው፣ ወተቱ ግን ከአዲስ አበባው ያነሰ። ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጠጣት ብዙ ቦታ ከጠረጴዛ ይረክሳል። አስተናጋጅ በጭብጨባ ወይም «ጋርሶን» ተብሎ አይጠራም፤ ዓይን አይቶ «ሲል ቩ ፕሌ» ማለት ነው። ሂሳብ ካልጠየቁ አይመጣም፦ «ላዲሲዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ»። የአገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስላለ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። «ዩን ካራፍ ዶ» ካሉ የቧንቧ ውሃ በነጻ ይቀርባል፤ «ውሃ» ብቻ ካሉ ግን በጠርሙስ የሚሸጥ ሊመጣ ይችላል።

«መኑ» የተባለው በተወሰነ ዋጋ የሚቀርብ የምግብ ስብስብ ነው፤ የምግብ ዝርዝሩ «ካርት» ይባላል። «አንትሬ» መክፈቻ እንጂ ዋና ምግብ አይደለም። ወጥ ቤቶች ለምሳ በአብዛኛው ከእኛ 6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይሠራሉ፤ 9 ሰዓት ላይ የሄደ ሰው ቡና ብቻ ያገኛል።

ለጾም «ቬዤታሪየን» ማለት አይበቃም፤ አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ይመጣል። «ቬጋን» ይበሉ፣ ከዚያም በግልጽ «ሳን በር፣ ሳን ፍሮማዥ፣ ሳንዘ» (ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል) ብለው ይድገሙት። አሳማ ለማይበሉ ደግሞ፦ «ዣምቦን»ን ሁሉም ያውቃል፣ የሚያታልለው «ላርዶን» ነው። ኪሽ ሎሬን በተባለው በእንቁላል የሚጋገር ምግብ ውስጥና ብዙ ሰላጣ ላይ ተከትፎ የሚጨመር የአሳማ ሥጋ ነው። «ኢል ያ ዱ ፖር ደዳን?» (ውስጡ አሳማ አለው?) የሚለውን ከሰላምታ ቀጥሎ ይያዙት።

ቤታቸው ከተጋበዝኩ?

ከተባለው ሰዓት አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ መድረስ ጨዋነት ነው፤ ቀድሞ መድረስ ግን አስተናጋጇን ያስጨንቃታል። ቸኮሌት፣ አበባ ወይም ወይን ጠጅ ይወሰዳል። የክሪሳንተም አበባ አይውሰዱ፤ ኖቬምበር 1 ለመቃብር የሚወሰድ ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን ልብ ይበሉ፦ እኛ ቤት «በቃኝ» ሲባል አስተናጋጁ «በሞቴ» ብሎ ይጨምራል፤ እዚያ «ኖን ሜርሲ» ካሉ ሳህኑ ያልፋል፣ ተመልሶም አይመጣም። እንዲያውም «ሜርሲ» ብቻ ብለው እጅ ከሰበሰቡ እንደ እምቢታ ይወሰዳል። ከፈለጉ «ዊ፣ ቮሎንቲዬ» (አዎ፣ በደስታ) ይበሉ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ። ዳቦ በቢላ ሳይሆን በእጅ ይቆረሳል፣ ከሳህኑ ጎን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አይብ ከጣፋጭ በፊት ይመጣል፤ ምግቡ አለቀ ብለው አይነሱ።

ጉንጭ መሳሳሙ ስንት ጊዜ ነው?

እንደ ክፍለ ሀገሩ ከአንድ እስከ አራት፤ ፓሪስ በአብዛኛው ሁለት። ጉንጭ ይነካካል እንጂ ከንፈር አያርፍም። ሥራ ቦታ መጀመሪያ መጨባበጥ ይቀድማል።

ስሜን በስልክ ስፈደል ሁልጊዜ ተሳስተው ይጽፉታል። ለምን?

የእንግሊዝኛውን የፊደል ስም ስለሚጠቀሙ። እንግሊዝኛ «ጂ» ያሉት ፊደል በፈረንሳይኛ «ዤ» ነው፤ «ዢ» የሚባለው ግን ጄይ ነው። የእንግሊዝኛው «ኢ» ለእነሱ አይ ነው፣ «ኤ» ደግሞ ኢ። ስለዚህ ግርማ «ዤ፣ ኢ፣ ኤር፣ ኤም፣ አ» ተብሎ ነው የሚፈደለው። ደብሊው «ዱብለ ቬ»፣ ዋይ «ኢ ግሬክ» ነው።

ቅጽ ላይ «ኖም» የቤተሰብ ስም፣ «ፕሬኖም» የራስ ስም ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ፓስፖርቱ ላይ በዚያ ሳጥን የሰፈረውን ይገልብጡ፤ ከፓስፖርቱ ጋር ካልተመሳሰለ ፋይሉ ይመለሳል። ሆስፒታል ተራ ሲጠብቁ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። አልማዝ ግርማ «ማዳም ዢርማ!» ሲባል እሷ መሆኗን ካላወቀች ተራዋ ያልፋል።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? የትኛውን ፈተና ልውሰድ?

ኤ1 (የአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ የመጀመሪያው ደረጃ) በግምት ከ60 እስከ 100 ሰዓት ትምህርት ይፈልጋል፣ ኤ2 በድምሩ ወደ 200፣ ቢ1 ወደ 400። በሳምንት አንዴ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በቀን 30 ደቂቃ ይሻላል። ለጆሮ የአርኤፍአይ ሬድዮ በየቀኑ የሚያቀርበው የአሥር ደቂቃ ዜና በቀላል ፈረንሳይኛ፣ ለልምምድ የቲቪ5 ሞንድ ነጻ ገጽ ጥሩ ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1907 የተቋቋመው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አለለት።

ዴልፍ የተባለው ምስክር ወረቀት ጊዜ አያልፍበትም፤ ቲሲኤፍ የተባለው ሌላ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ዴልፍ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው ከ25 ይታረማሉ፤ ለማለፍ ከ100 50 ያስፈልጋል፣ ከአንዱ ክፍል ግን ከ5 በታች ካመጡ ድምሩ ቢሞላም ይወድቃሉ። መናገርን ትቶ ሰዋስው ብቻ የሚያጠና ሰው የሚወድቀው በዚህ ነው። ፈረንሳይ ለሚኖሩ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ኤ2፣ ለአሥር ዓመቱ የመኖሪያ ካርድ ቢ1፣ ለዜግነት ቢ2 ይጠየቃል።

በፈረንሳይኛ ስጀምር በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል።

ችኮላ ነው እንጂ ንቀት አይደለም። «ዣፕራን ለ ፍራንሴ፣ ኦን ፔ ኮንቲኒዩዌ?» (ፈረንሳይኛ እየተማርኩ ነው፣ እንቀጥል?) ይበሉ። ከኋላዎ ሰልፍ ካለ ግን ተዉት፤ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ይመለሱ።